የባሕር አረምና ሁለት ገና

ቅናተኛ ነኝ፤ ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ጓደኛዬ ካምደን ውስጥ አንድ ኮሌጅ ላብራቶሪ ቴክኒሽያን ሆና የተቀጠረች ዕለት "እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ!" ብዬ አቀፍኳትና መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አዲስ አበባ ባዮሎጂ አብረን ስንማር ፈተና ላይ የምትኮርጀው ከኔ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተከታትለን ለንደን መጣን፤ ስቶክዌል አንድ ፍላት ተጋራን። እሷ አፕላይ አድርጋ ሥራውን አገኘች። እኔ እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ወለል እወለውል ነበር። እንዴት ይዋጥልኝ?

ሥራዋ የባሕር አረም ማሳደግ ነበር። "አረም ይነቀላል እንጂ ይኮተኮታል እንዴ?" እያልኩ ስንት ቀን አላገጥኩባት! እሷ ግን አትቀየምም። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ቡናማ ዝርያ እንደሆነ፣ ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ከደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ እየጠፋ መሆኑን፣ ዓሣው የሚደበቅበት ጫካ እሱ እንደሆነ ቁጭ ብላ ታስረዳኛለች። ከአንድ የባሕር ወሽመጥ ጭራሽ ጠፍቶ፣ የዚያ ቦታ ዘር የቀረው እሷ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በስድስት ብልቃጥ ብቻ ነበር። ሲያዩት ፀጉር የመሰለ ቡናማ ክር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሲጎለብት ድንጋይ ላይ አስይዘው ወደዚያው ባሕር ሊመልሱት ነው። ስለ እሱ ስታወራ ፊቷ ሲበራ ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር።

አንድ ታኅሣሥ እናቷ ታመሙና አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነባት። ኮሌጁ ለበዓል ሊዘጋ ነው። አለቃዋን አስፈቅዳ እኔን ለመነችኝ።

"አፈር ስሆንልሽ፣ እስከ ገና ብቻ፣ በየሁለት ቀኑ የባሕር ውሃውን ቀይሪላቸው። ከአንቺ እጅ ሌላ የማምነው የለም።"

ቀየርኩ። የፈረንጆቹ ገና ዕለት አውቶቡስም ባቡርም የለም፤ ከስቶክዌል እስከ ካምደን በእግሬ ኳተንኩ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ መብራት አንስቼ ሳያቸው በኔ እጅ ይበልጥ አምረዋል። ደስ አለኝ። ስወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ስሟን አየሁት። ክፋቱ ልቤ የገባው ያኔ ነው። እስከ ገና ነው ያለችኝ፤ ይኸው ገና፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

የኛ ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ኤዲያ! እየጾምኩ እኮ ነው! ያን ቀን እንኳ ቤት ተመልሼ የበላሁት የጾም ሽሮ ነው።

ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። በዘጠነኛው ቀን ግን አላስቻለኝም፤ ሽሮዬን ትቼ እየሮጥኩ ሄድኩ። አምስቱ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ክር ነጭ ሆኗል። በስድስተኛው ግርጌ ትንሽ ቡናማ ቀርታለች። ቶሎ ብዬ ውሃዋን ቀየርኩላት። የናቷ ልጅ የሞተባት ያህል አለቀስኩ፤ ደግሞ ማን ገደለና!

ጓደኛዬ ተመልሳ ብልቃጦቹን ስታይ ክው አለች።

"እስከ ገና አልሽኝ፤ የትኛውን ገና እንደሆነ በምን ልወቅ?" አልኳት ቆጣ ብዬ። ብትጮህብኝ ኖሮ አፌን ሞልቼ ልመልስላት ተዘጋጅቻለሁ።

እሷ ግን ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ወይኔ! እዚህ አገር ሁለት ገና እንዳለን እንዴት ረሳሁት? ጥፋቱ የኔ ነው።" ለአለቃዋም እንደዚያው ነገረቻት፤ ወቀሳውን ብቻዋን ተቀበለች።

በአንዷ ብልቃጥ የተረፈችው ዘር ተባዛች። ከጊዜ በኋላ ከፊሏን ወደ ባሕሩ መለሷት፤ ከያዘው ያልያዘው ቢበዛም የያዘም አለ። እኔም ያን ክፍል ተቀጥሬ ገባሁ። ማን እንዳስገባኝ መቼም አይጠፋችሁም። ነገሩን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ያቺን ብልቃጥ ታነሳና "ሁለት ገና ስላለን ይሄ ዘር ሊጠፋ ነበር እኮ!" ብላ ታወራለች። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እሷ ግን እንባዋ እስኪፈስ፣ ከልቧ ነው የምትስቀው። በሥራዋ መቅናቱን ትቻለሁ፤ ዛሬ የምቀናባት በዚያ ሳቋ ነው።