የንግሥቲቱ ቀብርና የታምሩ ጃኬት

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት... የእንግሊዟ ንግሥት ስትቀበር እኔ ጋሽ ከድር ሱቅ ውስጥ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሚዛን ከተማን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አይለቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወረደብኝና ሮጬ እዚያ ገባሁ። መንገደኛው ሁሉ ተጠልሏል። ባጃጅ የሚነዱት ልጆች አሉ፣ ሙዝ የሚሸጡት እትዬ ወርቄ አሉ፣ የሰፈራችን እድር ዳኛ ጋሽ ዘለቀም አሉ። ጋሽ ከድር ቴሌቪዥኑን ከፍተውታል፣ ቀብሩ በቀጥታ ይተላለፋል።

መጀመሪያ ሁሉም ዝም ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ ወሬው ተጀመረ። አንዱ ባለባጃጅ ሣጥኑን የተሸከሙትን ወታደሮች እያየ፣ እንዴት አንድ እርምጃ እንኳ አይሳሳቱም ብሎ ተገረመ። ጓደኛው፣ የኛን ሰፈር ጭቃ ቢረግጡ እናያቸው ነበር አለው። እትዬ ወርቄን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው። የንግሥቲቱ ልጆች የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቁኝ፣ አሳየኋቸው።

«እነዚህ? ኧረ አንዳቸውም አያለቅሱም» አሉ። «እናት ሞታ እንዲህ ቀጥ ብሎ መሄድ አለ እንዴ?»

«አስለቃሽ አጥተው ነው» አለ ባለባጃጁ። «እርስዎን እንላክላቸው እትዬ።»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ... ከሐምሌ ወዲህ የሳቅሁ አይመስለኝም።

ሐምሌ ላይ ታላቅ ወንድሜ ታምሩ ሞተ። ደላላ ይዞት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ። ደውሎ የነገረኝ አብሮት የነበረው ልጅ ነው። ታሞ ሞተ፣ መኪናው አይጠብቅም፣ ጫካ ውስጥ ቀብረውት መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቦታውን እንኳ በስም አያውቀውም።

ሬሳ ከሌለ እኛ ጋ የሟቹ ልብስና ፎቶ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰው በዚያ ላይ ያለቅሳል። ታምሩ ሰማያዊ ጃኬቱን ትቶት ነበር የሄደው፣ ደላላው ዕቃ አታብዙ ብሏቸው። ጋሽ ዘለቀና ሽማግሌዎቹ መርዶውን ነግረዋት ልብሱን ሲጠይቋት፣ እማዬ አጥቤው አልደረቀም አለቻቸው። ሌላ ቀን መጡ፣ አሁንም አልደረቀም። አልዋሸችም። ጃኬቱ ገመድ ላይ ሆኖ ውሃ ያንጠባጥባል። ትንሽ ደረቅ ካለላት አውርዳ እንደገና ታጥበዋለች። ልጄ ሲመጣ ንጹሕ ልብስ ይፈልጋል ትላለች። ስለዚህ ድንኳን አልተተከለም፣ አልተለቀሰም። ያለ እሷ ፈቃድ እድሩ ምን ያድርግ?

እኔም ቤት ውስጥ ማልቀስ አልችልም። ካየችኝ «ማን ሞቶብህ ነው?» ትለኛለች።

እና እየሳቅን ሳለ... እማዬ ገባች። ነጠላዋ በዝናብ በስብሷል። ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሽ ከድር ሊያጠፉት ሪሞቱን ሲያነሡ «ተዉት፣ ይታይ» አለቻቸው። ሳሙና ጠየቀች። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ከድር ሰጧት።

ሳሙናውን ይዛ ግን አልወጣችም። እዚያው ቆማ ማየት ጀመረች።

«ከሣጥኑ ላይ ያደረጉት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ዘውዷ ነው እማዬ።»

«የራሷ?»

«አዎ።»

ጋሽ ዘለቀ ከተቀመጡበት በቀስታ «ሣጥን ሁሉ አንድ ነው፣ የኔ እህት። የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው» አሏት።

ቴሌቪዥኑ ላይ ፈረሶች ያልፋሉ... ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ታምሩን ሲቀብሩት ከላዩ ምን አደረጉለት?»

ሲቀብሩት አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ያ ልጅ በስልክ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ግን ለማንም አልተናገርኩም። መዋሸት ፈለግሁ፣ የሚያምር ነገር ፈልጌ አጣሁ።

«ቅጠል» አልኳት።

«ቅጠል ብቻ?»

«ቅጠል ብቻ።»

እትዬ ወርቄ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። እማዬ ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችና ወጣች። ተከተልኳት። ቤት ስንደርስ ጃኬቱን ከገመዱ አወረደች፣ ጨመቀችው፣ አጥፋ እጄ ላይ አደረገችልኝ።

«ለጋሽ ዘለቀ ስጣቸው» አለች። «እርጥብ ነው... ይሁን።»

ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። ጃኬቱን ስቀበላት ግን መልሼ ገመዱ ላይ ላሰጣው ቃጣኝ። ታምሩ መሞቱን እኔ አምኜ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷ ስለምትጠብቀው እኔም በእሷ ተደግፌ ኖሬያለሁ። አሁን እሱን የሚጠብቅ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም።

ማክሰኞ ድንኳኑ ተተከለ። ሰፈሩ ሁሉ መጣ። እትዬ ወርቄ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱለት፣ ባለባጃጆቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። እማዬ ከጃኬቱ አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር፣ አንድ እንባ አልወጣትም። ከኋላዬ አንዲት ለቅሶ ደራሽ «ልጅ ሞቶ እንዲህ ይሆናል እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ዞሬ ላያት አልፈለግሁም።

ዛሬ ድንኳኑ ተነሣ... ጃኬቱ ግን አሁንም አልደረቀም።