ጀርባው ድፍን ቀለበት

ባለፈው ሳምንት ልጃችን ለእጮኛው የሚያጠልቀውን ቀለበት ልንመርጥ ከባለቤቴ ጋር አዳማ አንድ ወርቅ ቤት ገባን። ሻጩ አንዱን አንስቶ፣ «ይሄ አዡር ነው ጋሼ» አለኝ።

«አዡር ምንድን ነው?»

«ኦሪጅናል ማለት ነው፤ የፈረንሳይ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እኔንም በሃያ ሦስት ዓመቴ ይህንኑ ማለቴ ሚስት አሳጥቶኛል።

ያኔ ሱቅ በደረቴ ነበርኩ፤ ከሞጆ እስከ አርሲ ነገሌ ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ማበጠሪያ፣ መስታወትና ቀለበት እሸጣለሁ። የምወዳት ልጅ አልማዝ ትባላለች። አባቷ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ፣ ፈረንሳይኛ አዋቂ፣ አንቱ እያልኩ የምጠላቸው ሰው ናቸው። እሳቸውም አንተ እያሉ ይጠሉኛል። ልጁን አልማዝ ብሎ የሰየመ ሰው ፈርጥ እንደሚመረምር መጠርጠር ነበረብኝ።

ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ልለማመዳቸው ብዬ በጥቅምት አንድ እሑድ የመቂን መንገድ አቧራ አራግፌ ቤታቸው ሄድኩ። ፓፓያ ተቆርጦ ቀረበ። ከዕቃዬ መርጬ ያመጣሁላትን ቀለበት ለአልማዝ ሳቀብላት አባቷ ከመሃል ወሰዱት።

«አዡር ነው?»

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ደንበኛ ለዕቃዬ የሚያወጣለትን ስም ደግሞ ክጄ አላውቅም።

«ኦሪጅናል አዡር ነው፣ ጋሼ!»

ገለበጡት። ጀርባው ድፍን ነው።

«ዡር ቀን ማለት ነው፣ አንተ! አዡር የሚባለው ጀርባው ክፍት ሆኖ የቀን ብርሃን በፈርጡ ሲያልፍ ነው። እኛም መዝገባችን እስከ ዕለቱ ከተሞላ አዡር ነው እንል ነበር። ያንተ ግን ጨለማ ቤት ነው።»

በቢላ ጫፍ ፈርጡን ፈነቀሉት። መስታወቱ እንዲያብለጨልጭ ከሥሩ የጠቀጠቅኩት የሲጋራ ብርማ ወረቀት ፓፓያው ላይ ወደቀ።

«ለካ ሲጋራም ታጨሳለህ» አሉ።

አልማዝ አልሳቀችም። «ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«እናቴ ትሙት አላውቅም! ወርቅ ሠሪው ነው የሸወደኝ።»

«ቅዳሜ ወረቀቱን ስትቆርጥ አጠገብህ ነበርኩ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ለገበያ መስሎኝ።»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። አባቷ በሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱልኝ፤ ስመጣ እንዲህ ተጣድፈውልኝ አያውቁም።

ሰውየው ትክክል ነበሩ። ትክክል የሆነን ሰው ሁሉ የመውደድ ግዴታ ግን የለብኝም፤ እስካሁንም አልወዳቸውም። አልማዝን ያሳጡኝ እሳቸው ናቸው እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ፈርጡን የፈነቀሉት እርግጥ እሳቸው ናቸው። በእናቴ ያስማለኝ ግን ማንም አልነበረም።

ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ምን ያስቅሃል?»

«ምንም» አልኳት። «የሻጩ አነጋገር ነው።»