ጆሮ የሌለው ስንዴ

ባለፈው ሳምንት ጉርድ ሾላ ካለው ቤታችን ደጅ፣ በንጣፍ ድንጋዩ ስንጥቅ መካከል አንድ ሣር በቅሎ አየሁ። ልጄ ልትነቅለው ጎንበስ ስትል «ቆዪ» አልኳት። ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበትን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩ። ጆሮ የለውም። ስናር ነው።

ይህን ያወቅሁ ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቀበሌው እኛን የቦሌ ወጣቶችን በጭነት መኪና እየጫነ የገበሬ ማሳ ለማረም ይወስደን ነበር። ዛሬ ፎቅ የቆመበት ይህ ሰፈር ያኔ ስንዴ ነበር። አንድ ቀን ዕለቱ እሑድ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። ቅዳሴ ስለቀረብኝ ከፍቶኝ ነበርና ሥራውን እንደ ስግደት ልሠራው ለራሴ ቃል ገባሁ።

የደረሰኝ የእማማ ጫልቱ ማሳ ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ጭቃው እግሬን እየያዘኝ ስንዴ ያልመሰለኝን ሁሉ ነቀልኩ። በአንድ ማሳ ያን ያህል ዓይነት አረም ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ልብስ ላይ የሚጣበቅ አሽክት፣ ባለ ሦስት ቅጠል ማገጥ፣ የሚሻክር መጭ፣ ወፍ ዘራሽ ጎመን፣ ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው ወይን ጠጅ አበባ። ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያልኩ ስጓጓ ድርሻዬን ጨረስኩ።

እማማ ጫልቱ መጥተው አዩና ከት ብለው ሳቁ።

«ጎሽ የከተማዋ! እንግዳውን አባረሽ ሌባውን ትተሽልኛል።»

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

«ማገጡ የላሜ መኖ ነበር። ጎመኑ የዛሬ ወጤ።» ከዚያ እኔ ለምለም ስንዴ ብዬ የተውኩትን አንዱን ያዙ። «ይኼ ስናር ነው። ከስንዴው ቀድሞ ይረግፍና ለከርሞ መሬቱን ይወርሰዋል። ይኼ ማሳ ደግሞ የዘር ነው፤ ለከርሞ የምዘራው ሌላ የለኝም።»

«በምን ይለያል?»

«በጆሮው። ዳስሺው።»

የስንዴ ቅጠል አገዳውን ሲያቅፍ ግራና ቀኝ ጆሮ የመሰሉ ትንንሽ ጫፎች አሉት። ስናር የለውም። ቤተ ክርስቲያን የስንዴውና የእንክርዳዱ ምሳሌ ሲነበብ፣ መጨረሻው «የሚሰማ ጆሮ ያለው ይስማ» መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ያን ቀን በጣቴ ሰማሁት።

መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። የቡድናችን መሪ «ስም ሊጠራ ነው! የቀረ ግምገማ ላይ ይጠየቃል!» እያለ ጮኸ። መጠየቅ ያኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

«ሂጂ ልጄ፣ እኔ እለቅመዋለሁ» አሉኝ። ጣታቸው በቁርጥማት የተጣመመ ነበር፤ ብቻቸውን እንደማይዘልቁት ለሁለታችንም ግልጽ ነበር።

አልሄድኩም። እየዳሰስኩ፣ ጆሮ ያለውን እየተውኩ፣ የሌለውን እየነቀልኩ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እህል የቀመስነው በዚያው በነቀልኩት ጎመን ነበር። ዘይት የለው፣ ቅመም የለው፤ እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ ግን ትዝ አይለኝም። ከዚያ በእግሬ ቦሌ ገባሁ።

በሳምንቱ ግምገማ ላይ አቆሙኝ።

«ለምን ቀረሽ?»

«አረሙ አላለቀም ነበር።»

ሳቁና አስቀመጡኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስደው የቀሩ ነበሩ።

እማማ ጫልቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስናር መሬቱን ይወርሰዋል ብለው ፈርተው ነበር። የወረሰው ፎቅ ነው።

«ታዲያ አረም ከሆነ ልንቀለው?» አለች ልጄ፣ አሁንም እንዳጎነበሰች።

«ተዪው» አልኳት። «የሚጎዳው ስንዴ የለም።»