የእትዬ ጥጥ መከለያ

እትዬ ጥጥን የማያውቅ ወላድ ሰፈሩ ውስጥ የለም። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ከስፌት ቤታቸው በወጡ ቁጥር ፀጉራቸው ላይ፣ ትከሻቸው ላይ፣ አንዳንዴም ቅንድባቸው ላይ ጥጥ ስለማይጠፋ ቅጽል ስማቸው ዋናውን ስም ዋጠው። የሚሰፉት የሕፃን አልጋ ልብስ ነው። ትንሽ ትራስ አለ፣ የተደረበ ብርድ ልብስ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአልጋው እንጨት ዙሪያ በሪባን የሚታሰረው ወፍራም መከለያ አለ። ሕፃኑን እንጨቱ እንዳይመታው ብለው ጥጡን ጢም አድርገው ይሞሉትና ጫፉን በዳንቴል ይከቡታል። የሪባኑ አስተሳሰርም የእሳቸው ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው፣ ትንሽ ጣት እንዳይደርስበት ቋጠሮውን ወደ ውጭ ይደብቁታል።

እንግዲህ እኚህ ሴት የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ሲመጣላቸው ምን ይሆናሉ? አበዱ ማለት ይቀላል። የደንበኛ ሥራ ቆመ። ለልጃቸው ልጅ የሠሩት መከለያም ከሌላው ሁሉ እጥፍ የወፈረ ሆነ።

ጣጣው የመጣው ምራታቸው ልጁን ልታስከትብ የሄደች ዕለት ነው። ነርሷ አተኛኘቱን ጠየቀቻትና፣ “መከለያውንም፣ ትራሱንም፣ ብርድ ልብሱንም አውጪ። ባዶ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ በጀርባው ይተኛ። ፊቱ እዚያ ለስላሳ ነገር ውስጥ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም፤ ይታፈናል” አለቻት። ምራቲቱ ቤት እንደገባች ሁሉንም ፈትታ አወጣች። ግን ለአማቷ ማን ይንገር?

“አንተ ልጃቸው ነህ፣ ንገራቸው እንጂ” አለችው ባሏን።

“ዓይኗ እስኪጠፋ የሰፋችውን? እኔ አፍ የለኝም።”

ሁለቱ ተማክረው ዘዴ ያሉትን ነገር ፈጠሩ። እትዬ ጥጥ ሲመጡ መከለያው ይታሰራል፤ ሲሄዱ ይፈታል። ዘዴ መባሉ ራሱ ያናድደኛል! ይሉኝታ እኮ ቤቱ በእሳት እየጋየ “ጎረቤት እንዳይረበሽ” ብሎ ዝም የሚል ጉድ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥጥ መጡ። እንደ ልማዱ መከለያው ታስሯል፣ ሕፃኑም ተኝቷል። ምራታቸው ዓይኗን ከልጁ ሳትነቅል ስትጠብቅ ቆይታ፣ የበሩ ደወል ሲጮህ “አንዴ መጣሁ” ብላ ወጣች። እትዬ ጥጥ ጀርባቸውን ለአልጋው ሰጥተው የታጠበ ልብስ ያጣጥፋሉ። በመሀል ግን የሆነ ነገር ቅር አላቸው። ያቺ የልጁ የእንቅልፍ ትንፋሽ አትሰማም።

ዞር ሲሉ፣ በዚያው ሳምንት መገልበጥ የለመደው ልጅ ዳር ድረስ ተንከባሎ ፊቱን መከለያው ውስጥ ቀብሮታል። እንዴት እንደደረሱ አያውቁም፤ ብቻ ብድግ አደረጉት። ከንፈሩ ጠቁሯል። ከዚያ አየር ሳበና ቤቱን በለቅሶ አናጋው።

“እሰይ! አልቅስ! አልቅስልኝ የኔ ጌታ!”

ምራታቸው እየሮጠች ገባች። ልጁን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ “ነርሷ ብላኝ ነበር! ብላኝ ነበር እኮ!” እያለች ጮኸች።

“ምን ብላሽ ነበር?”

እያነባች ሁሉንም ነገረቻቸው።

“እና እኔ ስመጣ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ?”

“እንዳይከፋዎት ብለን ነው እማማ።”

“ይክፋኛ!” ጮኹ እትዬ ጥጥ። “እኔ ብከፋ ነገ ይለቀኛል። የዚህ ልጅ ትንፋሽ ቢሄድ ማን ይመልሰው ነበር? የኔን ፊት ስታዩ የልጃችሁን ፊት ማን ይይላችሁ?”

ጤና ጣቢያ ወስደው አስመረመሩት፤ ደህና ነው ተባለ። እትዬ ጥጥ ግን ደህና አልነበሩም። ስፌት ቤታቸው ገብተው መደርደሪያው ላይ ያሉትን መከለያዎች አዩ። ቀጥሎ የተሸጡት፣ በየቤቱ የታሰሩት ትዝ አሏቸው። “በገዛ እጄ!” እያሉ አለቀሱ። በማግስቱ መቀሳቸውን ይዘው የደንበኞቻቸውን በር ሊያንኳኩ ወጡ።

መጀመሪያ የሄዱት ገና ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ያላት ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ነበር።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ ጥጥ።”

“ውይ! አንዴ ይታገሱኝ እትዬ፣ መጣሁ!”

ውስጥ መሳቢያ ሲከፈት፣ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። በሩ ሲከፈት ሴትዮዋ ታለከልካለች። አልጋው ግን ለሙሽራ የተሰናዳ ነው የሚመስለው፤ ትራሱም፣ መከለያውም፣ ሁሉም በቦታው።

“አዩት እትዬ፣ በእጅዎ ሥራ እንዴት እንዳማረብን!”

እትዬ ጥጥ ጎንበስ ብለው ሪባኑን ነኩት። በጥድፊያ እንደ ጫማ ማሰሪያ ታስሯል፤ ዳንቴሉም ወደ ታች ተገልብጧል። እሳቸው እንዲህ አስረው አያውቁም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታወጪው?”

ዳቦ ጋጋሪዋ አንገቷን ደፋች። “ከወለድኩ ጀምሮ። አዋላጇ አስጠንቅቃኝ ነው። እርስዎን ግን እንዴት ብዬ...”

“እንዳይከፋኝ።”

“አዎ እትዬ።”

እትዬ ጥጥ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉና በአንድ ዓይናቸው እየሳቁ በሌላው አለቀሱ። ከዚያ መቀሱን አውጥተው ሪባኑን አንድ በአንድ ቆረጡት።

ከዚያ በኋላ በቀሩት ቤቶች በር አላንኳኩም። ገና ከመንገድ ላይ ሆነው ይጣራሉ፦ “እኔ ነኝ! ምንም እንዳታስሩ፣ ልጁን ብቻ አሳዩኝ!”