የሚጢጢ አደራ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ምላጭ በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ከእጁ ይልቅ ምላሱ ይቆርጣል ለማለት። መላጣ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ፣ "ጋሼ፣ ላስተካክልዎ ወይስ አብረን እንፈልገው?" ይላል። ሰው ፀጉሩ ሳያድግ ይመጣ የነበረው ለጨዋታው ሲል ነው። ሁለት ወንበርና አንድ አግዳሚ ብቻ በያዘችው ጠባብ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ሳቅ አይጠፋም ነበር።

ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት ግን ነገር ተለወጠ።

ልጅቷን ሚጢጢ ይሏታል፤ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ የአባቷ መዳፍ ላይ የምትተኛ ይመስል ስለነበር ነው። እናቷ ሆቴል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ የቀን ፈረቃ ሲደርሳት ሚጢጢ አያቷ ዘንድ፣ የእናቷ እናት ጋ ትውላለች። አንድ ቀን አያቷ ብስኩት ሰጧት፤ መሃሉ የለውዝ ቅቤ አለበት። ግማሹን ሳትጨርስ ከንፈሯ አበጠ፤ ሰውነቷን ሽፍታ ወረሰው፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ይጮህ ጀመር። አያት ልጅቷን አቅፈው በባዶ እግራቸው ወደ ዋናው መንገድ ሮጡ። አንድ ባለታክሲ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ሐኪሙ ለምላጭ የልጁ ሕመም የለውዝ አለርጂ መሆኑን ከነገረው በኋላ፣ "ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ሳይጨርሰው ወጣ። ያንን ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ምላጭ ለሁለት ዓመት ለብቻው ሲጨርሰው ኖረ።

እስክሪብቶ የሚመስል፣ ጭን ላይ የሚወጋ መርፌ ተሰጣቸው፤ ልጅቷ ካለችበት አይለይም። ምላጭ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሸጊያ ላይ ጽሑፍ ሳያነብ ወደ ቤቱ አንዲት ነገር አያስገባም። ከሥራ ሲመለስ እጁንና አፉን ሳይታጠብ ልጁን አይስምም። ሱቁ በር ላይ "ለውዝ ይዞ መግባት አይቻልም" ብሎ ለጠፈ። ወደ መዋዕለ ሕፃናቷ በቀን አራት ጊዜ ይደውላል። ግብዣ የሚባል ነገር ቀረ። ጨዋታውም ቀረ። ደንበኞቹ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ዝም ብለው፣ ሂሳብ ከፍለው ይወጣሉ።

አማቱን በክፉ ቃል ተናግሯቸው አያውቅም። ግን ልጁን ዳግመኛ እሳቸው ዘንድ አልተዋትም። ሊጠይቋት ሲመጡም ቦርሳቸውን ደጋግሞ ያያል። አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ ሲበረብረው ደረሱበት። አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳ አይዙም፤ በሩ ሲከፈትላቸው ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳዩና ነው የሚገቡት።

ሚስቱ ይህን ስታይ አንጀቷ ይቆረጣል። "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ እኮ ደህና ናት። አንተ ግን የት ገባህ?" አለችው አንድ ቀን።

ጡረታ የወጡ አንድ ነርስ በየሁለት ሳምንቱ ጢማቸውን ሊላጩ ይመጣሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ እሳቸውን ሲላጭ ስልኩ ጮኸ። ምላጭ ደንግጦ እጁ ሳተና የጆሯቸውን ጫፍ ነካው። ደዋዩ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! ምን ነካኝ!"

"ጆሮ ሁለት ነው፣ አይዞህ።" ጥጥ አንስተው ራሳቸው ያዙት። "ይልቅ እጅህን ስጠኝ።" የልብ ምቱን ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያቺን መርፌ መውጋት የሚያውቀው ስንት ሰው ነው?"

"እኔና ባለቤቴ።"

"አንተ ብትታመምስ? እሷ ሥራ ላይ ብትሆንስ?"

ምላጭ ፎጣውን አጠፈው፤ ደግሞ ፈታው።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም? እሁድ ሱቅህ ዝግ አይደል? ሰው ጥራ። እኔ አስተምራለሁ።"

እሁድ ሚስቱ፣ የሚጢጢ መምህርት፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸውና አማቱ ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ነርሱ ፎጣ ጠቅልለው የመላጫው ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ የሚጢጢ ጭን መሆኑ ነው። በእጃቸው መርፌ የሌለው መለማመጃ ይዘዋል። "ከልብሷ በላይ ቢሆንም ግድ የለም። ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ከዚያ አምቡላንስ ጥሩ።" ሁሉም ተራ በተራ ሞከሩ። አማቱ ብቻ ከአግዳሚው ጥግ አልተነሱም።

"እማማ፣ ተራው የእርስዎ ነው" አለ ምላጭ።

"እኔ ይቅርብኝ ልጄ። ያጠፋሁት ይበቃኛል።"

ምላጭ ሄዶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። "እማማ፣ ያን ዕለት በባዶ እግርዎ የሮጡት እርስዎ ነዎት። ልጄ ያለችው በእርስዎ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩዎትም።" መለማመጃውን መዳፋቸው ላይ አኖረው።

አማቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ተነሱ። ፎጣውን አንድ ጊዜ ወጉት። "ልክ ነኝ?" አሉ። ልክ ነበሩ። ደገሙት፤ ሠለሱት። አሥራ አንደኛው ላይ ነርሱ፣ "እሜቴ፣ ፎጣው ድኗል፤ ምሕረት ያድርጉለት" ሲሏቸው ሁሉም ሳቁ፤ ምላጭም ሳይታወቀው ሳቀ።

ሚጢጢ ቅዳሜ ቅዳሜ አያቷ ጋ መዋል ጀመረች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምላጭ ሱቁን ዘግቶ የአማቱን ደጅ ሦስት ጊዜ ዞረው። አማቱ መስኮቱን ከፍተው፣ "አንተ ልጅ፣ ወይ ግባ ወይ ሂድ! የጎረቤት ውሻ እንኳ መጮህ ሰለቸው" አሉት። አፍሮ ሄደ።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ የአንድ ደንበኛውን ግማሽ ራስ እንደላጨ ስልኩ ጮኸ። አማቱ ናቸው። "ወግቻታለሁ። አምቡላንስ ውስጥ ነን። ና።"

ምላጭ የፀጉር መቁረጫ መኪናውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ደንበኛው ግን ነገሩ ገባው፤ ከነአንገት ሸራው፣ ከነግማሽ ፀጉሩ ተነስቶ የራሱን ሞተር ብስክሌት አስነሳ። "ና ውጣ ከኋላዬ!" አለው። መንገደኛው ሁሉ እየዞረ አያቸው።

ሆስፒታል ሲደርስ ሚጢጢ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኝታለች። ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። "አባዬ፣ ጓደኛዬ ቸኮላቷ ለውዝ የለውም አለችኝ" አለችው፤ ቁጣ እንደምትጠብቅ ሁሉ። ግንባሯን ሳማት። እጁንም አፉንም አልታጠበም ነበር።

አማቱ ከአልጋው ማዶ ቁጭ ብለዋል። "ደጅ ከጓደኛዋ ጋር ተጫውታ ስትመለስ ከንፈሯ ሲያብጥ ገባኝ። ኩርምት ብላ ጭኔ ላይ ተቀመጠች፤ ወጋኋት። ስቆጥር አብራኝ ቆጠረች፤ አምስትን ዘላ ስድስት አለች።" ከዚያ እጃቸውን አሳዩት። እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። "ያኔ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ይኸው አሁን ነው የጀመረው።"

ምላጭ ሁለቱን እጆቻቸውን ሰብስቦ ሳመ። እስኪረጋጉ ድረስ ይዟቸው ተቀመጠ። ሚስቱ ከሥራ ሮጣ ስትደርስ እንደዚያው አገኘቻቸው።

ሐኪሞቹ ልጅቷን አሳድረው በማግስቱ ሸኟት። ቤት እንደገቡ ሚጢጢ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። "ቅዳሜ አያቴ ጋ እሄዳለሁ አይደል?"

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ምላጭ አልፈራም ቢባል ውሸት ነው። "ትሄጃለሽ" አላት።

ያን ቅዳሜ ልጃቸውን አድርሰው ባልና ሚስት መናፈሻ ሄዱ። ሁለቱ ብቻቸውን ከወጡ ስንት ጊዜያቸው! ምን እንደሚያወሩ ጠፍቷቸው ትንሽ ተሳሳቁ። ስልኩን እሷ ያዘችለት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ምላጭ ትከሻዋ ላይ ራሱን ጣል አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው። ትከሻዋ ደነዘዘ፤ ፀሐዩም ዞሮ ፊታቸው ላይ መጣ። እሷ ግን ነጠላዋን ግንባሩ ላይ ጣል አደረገችለት እንጂ አልቀሰቀሰችውም።