ክንፏን የሰጠችው ልጅ

መምህርቷን ባልደረቦቿ «ተረት ተረት» ይሏታል። እነሱ ሰዋስው ሲያስጠኑ እሷ ዘንዶና የሚበሩ ሰዎች ያሉበትን ልብ ወለድ ይዛ ክፍል ትገባለች። ይሳቁ! የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን «ማን ነህ?» ቢሉት ትከሻውን ይሰብቃል፤ የዘንዶውን አፍ ሲያውሱት ግን የሆዱን ይዘረግፈዋል። ደንቧም ይኸው ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጸ ባሕርይ ይመርጣል፣ ዓመቱን ሙሉ በእሱ አንደበት ይናገራል። አንድ የሚንተባተብ ልጅ ምላሱ የተፈታው ዘንዶ ሆኖ ነው።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ነበረች። እናት አባት የላትም፤ እሷንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን የምታሳድገው አክስቷ ናት። የመረጠችው በልብ ወለዱ ውስጥ ክንፏን ለእህቷ የሰጠችውን ልጅ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ መሰለኝ፣ ስንት ጊዜ ትንፍሽ ሳትል ቆይታ አንድ ቀን ሳትጠራ ተነሳች።

«ክንፍሽን ስጪ አሉኝ። ወንድሞችሽ እንዲበሩ ነው አሉኝ። ሊወስዱኝ ቀርበዋል። መላ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

በመጽሐፉ ውስጥ ያቺ ልጅ ወንድም የላትም። መምህርቷም ይህን አስተውላለች። ግን «ከራሷ ጨመረችበት፤ ፈጠራ ማለት ይሄ ነው!» ብላ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ አጨበጨበች። ክፍሉም ተከትሏት አጨበጨበ። ልጅቷ ጥቂት ቆማ ጠበቀችና ተቀመጠች።

በሳምንቱ ወንበሩ ባዶ ሆነ። መጽሐፉን ልትመልስ የመጣችው አክስቷ ናት። ልብስ አጣቢ ናት፤ እጇ በሳሙና ብዛት ተልጧል።

«ሦስቱንም ማስተማር አቃተኝ፣ መምህርት። ሰው ቤት አስቀጠርኳት። አሠሪዎቿ ሩቅ ከተማ ይዘዋት ሄዱ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታይ።

መምህርቷ ከወንበሯ ተነሳች።

«ቀን እዚሁ እየሠራች ማታ መማር ትችል ነበር እኮ! ርእሰ መምህሩን ለምኜ ለስንቱ አስፈቅጃለሁ! ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ?»

አክስትየዋ ግራ ተጋብታ አየቻት።

«እኔማ ‹ለመምህርትሽ ንገሪያቸው፣ እሳቸው መላ አያጡም፤ ካገኙልሽ ትቀሪያለሽ› ብዬ ልኬያት ነበር። ስትመለስ ‹ነገርኳቸው› አለችኝ። ‹ታዲያ ምን አሉሽ?› ብላት፣ ‹አጨበጨቡልኝ› አለችኝ።»