ከነላስቲኩ ያለ አጎበር

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ የአጎበር ቀዳዳ መቁጠር ነው። ትናንት ከመካነ ሰላም ወደ ቆላው ወርደን ስንዞር፣ አንዲት እናት ከሳጥን ያወጡልኝ አጎበር ግን ከነላስቲኩ ነበር። ስከፍተው የመድኃኒቱ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ይህን ሽታ መጀመሪያ ሳውቀው ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ የታደለንን አጎበር «እህትሽ ከጅዳ ስትመጣ ይሰቀላል» ብላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ቆለፈችበት። መስከረም ላይ ታናሽ ወንድሜን ሰይድን ወባ ገደለው። ከቀብር እንደተመለስን አባቴ ሳጥኑን ከፍቶ አጎበሩን ከመደቡ በላይ ሰቀለው። ቤቱ በዚያ ሽታ ተሞላ።

«አሁን ለማን ነው?» አለች እናቴ።

የምር የጠየቀች መስሎኝ «ለእኔ» አልኩ።

ትናንት አጎበሩን ያወጡልኝ እናት ፈገግ ብለው «ነክተነው አናውቅም እኮ» አሉኝ።

ቅጹ ላይ «ቀዳዳ የለውም» ብዬ ሞላሁ።